ተደባዳቢ ልጅን ከተደባዳቢ ልጆች ጋር ማሠልጠን ያዋጣል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቤት ሲሆን ሳቂታና አዛኝ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ግን ይማታል፣ ይነጥቃል፣ ጨዋታ ከተሸነፈ ያበላሻል። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ ተጠርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ዩኒት ሊደሯ ልጆችን በቡድን ማኅበራዊ ክህሎት የሚያሠለጥን ማዕከል ጠቆመችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ለ10 ሳምንት፣ ስምንት ልጆች ሆነው። ሁሉም እንደ እሱ በባህሪ ምክንያት የተላኩ ናቸው። አማቴ ይህን ሲሰሙ ‹ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትገባ ታውቂያለሽ› ብለው ተቆጡ። አባቱ ደግሞ ‹ወንድ ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል› ይላል። ልላከው ወይስ ይቅር?»

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ቡድኑን ማን እንደሚመራውና እንዴት እንደሚመራው ሳታዪ አትላኪው። አይተሽ ደህና ከሆነ ላኪው። አንቺና ትምህርት ቤቱ ካልገባችሁበት ግን አሥሩ ቅዳሜ የታክሲ ብር ከመጨረስ አያልፍም።

አሁን ወደ ረጅሙ።

አማትሽ ተረቷን የጠቀሱት በከንቱ አይደለም። አሜሪካ፣ ቦስተን አጠገብ፣ ካምብሪጅና ሶመርቪል በሚባሉ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ ትልቅ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። 506 ወንዶች ልጆች ሁለት ሁለት እየተጣመሩ ተመዘገቡ። ከየጥንዱ አንዱ ለዓመታት አማካሪ ተመደበለት፤ አስጠኚ፣ ሕክምና፣ የክረምት ካምፕ ተመቻቸለት። ሌላው እንደ ነበረ ተተወ። ጆአን ማኮርድ የምትባል ተመራማሪ ከ30 ዓመት በኋላ ልጆቹን ጎልማሳ ሆነው ስታገኛቸው ድጋፍ ያገኙት ከሌሎቹ ተሽለው አልተገኙም። በአንዳንድ ነገር እንዲያውም ብሰው ተገኙ። መረጃውን ደግማ ስትመረምረው ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ካምፕ ከአንድ ጊዜ በላይ በተላኩት ልጆች ላይ ነበር። ካምፕ ማለት እንግዲህ ቀንም ሌሊትም ከእኩዮች ጋር ማለት ነው።

ማኮርድ ከቶማስ ዲሽን እና ከፍራንሷ ፑላን ጋር ሆና ይህን በ1999 ስታሳትም አብሮ የቀረበ ሌላ ሙከራ አለ። ኦሪገን ውስጥ የተደረገ ነው፤ ልጆቹ ከ11 እስከ 14 ዓመት ናቸው። በቡድን ተሰባስበው የሠለጠኑት ልጆች ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታዩ ሲጋራ ማጨሳቸውም፣ መምህራን የሚያዩባቸው ጥፋትም ጨምሮ ተገኘ። ሥልጠናው በጥሩ ልብ የተዘጋጀ፣ በባለሙያ የተመራ ነበር።

እንዴት ሆነ ብትዪኝ ምክንያቱ የእኩያ ሳቅ ነው። ዲሽን ጓደኛሞችን ሁለት ሁለት አስቀምጦ ወሬያቸውን በቪዲዮ ይቀርጽ ነበር። አንዱ ጥፋቱን ሲያወራ ሌላው ከሳቀ ወሬው በዚያው ይቀጥላል። ጥፋት ላይ እየሳቁ የሚውሉት ጥንዶች ኋላ ላይ ይበልጥ ችግር ውስጥ ገብተው ተገኙ። ለልጅ የእኩያ ሳቅ ከከረሜላ ይበልጣል።

ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። ልጆችን በቡድን ማሠልጠን በጀመርኩ ሰሞን ስምንት ወንዶች ልጆች ይዤ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። «ሰሞኑን ምን ገጠማችሁ?» አልኩ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። አንዱ መምህሩ ወንበር ላይ ማስቲካ እንዴት እንደለጠፈ መተረክ ጀመረ። ሰባቱም ተንከተከቱ። እኔ «መምህሩስ ምን የተሰማቸው ይመስልሃል?» የምትል ጥያቄዬን ይዤ ቀረሁ። ማን ሰምቶኝ! በሳምንቱ ሦስት ልጆች የየራሳቸውን የማስቲካ ታሪክ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ቡድን «ምን ገጠማችሁ» ብዬ ከፍቼ አላውቅም። ስምንት ልጅም ብቻዬን ይዤ አላውቅም።

ግን ያንቺ ልጅ 8 ዓመቱ ነው፤ 14 አይደለም። በ8 ዓመቱ ልጅ አሁንም የአዋቂ ፊት ያነባል፤ «ጎበዝ» መባል ያስደስተዋል። ተመራማሪዎችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ኋላ የመጡ ትንተናዎች ጉዳቱ መጀመሪያ እንደተፈራው ሰፊ አይደለም ብለዋል። ስለዚህ አማትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

የቀረው ግማሽ ከሲያትል ይመጣል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ካሮሊን ዌብስተር-ስትራተን ከ4 እስከ 8 ዓመት የሆኑ፣ በእልኸኝነትና በመማታት ያስቸገሩ ልጆችን በትንንሽ ቡድን ታሠለጥን ነበር። በአንድ ቡድን አምስት ወይም ስድስት ልጅ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ 22 ሳምንት ገደማ። በእጅ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች አሉ፤ ዋናዋ ዲና የምትባል ዳይኖሰር ናት። በ1997 የወጣው ጥናቷ 97 ልጆችን ያካተተ ነው። በአንዱ ወገን ልጆቹ ብቻ ሠለጠኑ፤ በሌላው ወላጆቹ ብቻ፤ በሦስተኛው ሁለቱም። አራተኛው ወገን ወረፋ ይጠብቅ ነበር። የልጆቹ ሥልጠና ከእኩያ ጋር ጠብን መፍታት ላይ ሠራ። የወላጆቹ ሥልጠና ቤት ውስጥ ያለውን አሻሻለ። ከዓመት በኋላ ሲታይ ሰፊው ለውጥ የተገኘው ልጁም ወላጁም በሠለጠኑበት ነው። አሁን ያንቺን 10 ቅዳሜ ከ22 ሳምንት ጋር አስተያዪው።

አንድ ልጨምር። ጆን ሎክማን አላባማ ውስጥ ጠበኛ የተባሉ 360 የአራተኛ ክፍል ልጆችን ወሰደ። ግማሾቹ በቡድን፣ ግማሾቹ ለየብቻ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ተሰጣቸው። በሁለቱም ወገን ለውጥ መጣ። በመምህራኑ ዓይን ግን ለብቻ የተማሩት ይበልጥ ተሻሻሉ። በተለይ ራሱን መግታት የሚከብደው፣ እጁ ከአፉ የሚቀድመው ልጅ፣ ቡድን ውስጥ ብዙም አልተጠቀመም። ልጅሽ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ማዕከሉን «መጀመሪያ አራት አምስት ጊዜ ለብቻው ታዩታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ዛሬ ማታ፣ እራት ከበላ በኋላ፣ «ልጅ ኳስህን ቢቀማህ ምን ታደርጋለህ?» በዪው። «ለሚስ እናገራለሁ» ወይም «መልስልኝ እለዋለሁ» ቢልሽ አይግረምሽ። ቃሉን አሳምሮ ያውቀዋል። እረፍት ሰዓት ላይ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሌላው ልጅ ሲስቅበት ግን ያ ቃል ከየት ይምጣ? ፍራንክ ግሬሻም የሚባል ሳይኮሎጂስት ይህን ከጥንት ለይቶታል። ክህሎቱን የማያውቅ ልጅ አለ። የሚያውቅ ግን በሰዓቱ የማያደርገው ልጅ አለ። ለመጀመሪያው ማስተማር ይረዳዋል። ለሁለተኛው ግን «መማታት መጥፎ ነው» ብሎ አሥር ሳምንት መስበክ ለዋናተኛ ስለ ውኃ ማስረዳት ነው። እሱ የሚያስፈልገው በሰዓቱ የሚያስታውሰው ሰውና ደጋግሞ መለማመድ ነው። ረጋ ማለት የሚያቅታቸው፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ እዚህ ይወድቃሉ። ኮክሬን የሚባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት በ2019 በእነዚህ ልጆች ላይ የተደረጉ 25 ሙከራዎችን አሰባስቦ ሲያይ የማኅበራዊ ክህሎት ሥልጠና ይጠቅማል ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ አላገኘም። ልጅሽ ወንበር ላይ መቀመጥ ጭምር የሚያቅተው ከሆነ መጀመሪያ ይመርመር።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ እኔ ብዙ ጊዜ የማየው እሱን ነው። ኬኔት ዶጅ በ1980 ያሳተመው ሙከራ አለ። አንድ ልጅ የተቆራረጠ ሥዕል እየገጣጠመ ነው፤ ከጨረሰ ሽልማት አለው። ሥዕሉ ወደ ሌላ ክፍል ተወስዶ ፈራርሶ ይመለሳል። ሌላኛው ልጅ ሆን ብሎ እንዳፈረሰው በግልጽ ሲነገራቸው ሁሉም ልጆች ተናደዱ። ሊረዳ ሲል እንደተበላሸበት ሲነገራቸው ሁሉም አለፉት። ሆን ብሎም ይሁን ሳያውቅ በማይለይበት ጊዜ ግን ልጆቹ ተለያዩ። ጠበኞቹ «አውቆ ነው» ብለው ሊበቀሉ ተነሱ።

ትምህርት ቤት ደግሞ እንዲህ ሆን ተብሎ ይሁን በስህተት የማይለይ ነገር የሞላበት ቦታ ነው። ሰልፍ ላይ ከኋላ ይገፉሃል። ውኃ ሲጠጡ ያንጠባጥቡብሃል። አንዱ ሲያልፍ ደብተርህን በክርኑ ይጥለዋል። ለልጅሽ እነዚህ ሁሉ ጥቃት ከሆኑ እሱ በራሱ ዓይን መቺ አይደለም፤ ራሱን ተከላካይ ነው። ስትቆጪው «እሱ ነው የጀመረኝ» የሚለው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል።

ጥሩ ቡድን ይህን እንዴት እንደሚሠራበት ላሳይሽ። ስድስት ልጆች፣ ሁለት አዋቂዎች። አንዷ አሠልጣኝ ስትሄድ አንዱን ወንበር ትገፈትራለች፤ ቀለም ይደፋል። ሁለተኛው «ስለምን ደፋችው?» ይላል። ሦስት ግምት ካልመጣ አያልፍም። አንዱ «ክፉ ስለሆነች» ይላል። ሌላው «አላየችውም» ይላል። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ «ሽንቷ መጥቶ ነው» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ያ ሳቅ ደህና ሳቅ ነው፤ ሦስተኛው ግምት ሆኖ ተመዘገበላት። ከዚያ ሚና ተከፋፍለው ደግመው ይጫወቱታል። ደፊውም፣ የተደፋበትም ይሆናሉ።

ሌላው ትልቅ ትምህርት ጨዋታ መግባት ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ብዙው ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። ሦስት ልጆች ብይ ይጫወታሉ እንበል። ተወዳጅ ያልሆነው ልጅ ይሮጥና ይደርሳል። «እኔም ልጫወት! እኔ እኮ ትልቅ ብይ አለኝ! እንዲህ አይደለም የሚጣለው!» ይላል። ስለ ራሱ አወራ፣ ጨዋታውን አቋረጠ፣ አራሚ ሆነ። ሦስቱም «አትገባም» ይሉታል። ብዩን በእግሩ ይበትነዋል። ሚስ ትጠራለች። ማርታ ፑታላዝ እና ጆን ጎትማን በ1981 የልጆችን አገባብ ሲያጠኑ ያዩት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ተወዳጆቹ ልጆች ቆም ብለው ያያሉ፤ ከዚያ ከጨዋታው ጋር የሚሄድ ነገር ይናገራሉ ወይም ያደርጋሉ።

እኛ ቡድን ውስጥ ይህን በኳስ እናለማምዳለን። አጥሩ ጋ ቆመህ እስከ 20 ቁጠር። ማን እየተሸነፈ እንደሆነ እይ። ጎል ሲገባ «አሪፍ ነው!» በል። ኳስ ወጥታ ሲቆሙ ወደሚሸነፈው ቡድን ሂድና «አንድ ጎድሏችኋል፣ በረኛ ልሁን?» በል። እምቢ ካሉህ «እሺ፣ በኋላ» ብለህ ሌላ ጨዋታ ፈልግ። የሚሸነፍ ቡድን ሰው ይፈልጋል፤ በረኛ ደግሞ ማንም መሆን አይፈልግም። ብዙ ጊዜ ይሠራል። «እምቢ» መባልን መለማመድ ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ እኔ እስከ ሦስት ቅዳሜ እሰጠዋለሁ።

አሁን ይህን ሁሉ ቅዳሜ ተለማምዶ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲሄድ ምን ይጠብቀዋል? የወጣለት ስም። ልጆች አንዴ «ተደባዳቢው» ካሉት እሱ ቢለወጥ እንኳ ስሙን አይለቁለትም። በስህተት ቢነካቸው «ሚስ፣ መታኝ» ይላሉ። ስለዚህ የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ከሌለችበት ሥልጠናው ግማሽ ነው። ብዙ አትጠይቂያት፤ 40 ልጅ ይዛለች። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ የሳምንቱን ትምህርት በአንድ መስመር ንገሪያት፤ «በዚህ ሳምንት ቆም ብሎ ማየትን እየተለማመደ ነው» ብለሽ። ሁለተኛ፣ ኮሙዩኒኬሽን ቡክ ላይ በቀን አንድ ጊዜ ያየችውን ደህና ነገር ትጻፍልሽ። «ዛሬ ተራውን ጠበቀ» ይበቃል። ያ ደብተር እስካሁን ቤት ሲመጣ ክስ ብቻ ይዞ ነበር አይደል? ልጁም ያውቀዋል። ከረጋ ልጅ ጋር ጥንድ አድርጋ አንድ ኃላፊነት ብትሰጣቸው ደግሞ፣ ለምሳሌ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ከእኔ አሥር ሰዓት የበለጠ ትሠራለች።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት ሥራ አለሽ። የመጀመሪያው መሸነፍ ነው። ሉዶ ግዢ። በቀን አንድ ዙር፣ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ። አውቀሽ አትሸነፊለት፤ ሁልጊዜም አታሸንፊው። ስትሸነፊ ጮክ ብለሽ አስቢ፦ «ኧረ ተናደድኩ! ዳይሱን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። ትንሽ ልተንፍስ። እሺ፣ ነገ አሸንፋለሁ።» ልጅ ንዴት ሲዋጥ እንዴት እንደሚመስል የሚያየው ከሰው ነው። እሱ ሲሸነፍ ሰሌዳውን ካልገለበጠ ወዲያው፣ በስሙ ጠርተሽ፣ «ተናደሃል፣ ግን አልገለበጥከውም፤ አየሁህ» በዪው። ከገለበጠው ምንም ንግግር የለም፤ ጨዋታው ለዛሬ አለቀ፣ ነገ እንደገና።

ሁለተኛው አንድ ልጅ ቤት መጥራት ነው። አንድ ብቻ፤ ሁለት ከሆኑ አንዱ ይገፋል። ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ረጋ ያለውን ምረጪ። አንድ ሰዓት ይበቃል። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ልጅሽ ሊያካፍለው የማይችለውን አሻንጉሊት ራሱ መርጦ ቁምሳጥን ይቆልፍበት። ታብሌቱም አብሮ ይቆለፍ። ከዚያ ወጥ ቤት ሆነሽ ጆሮሽን ወደ ሳሎን ጣዪ። ሳይጣሉ ይሂድ፤ ደስ እያላቸው ሳለ ሸኚው። አንድ ጓደኛ ያለው ልጅ ክፍል ውስጥ 39 ቢጠሉትም ይቋቋመዋል።

አባቱን በተመለከተ በጥንቃቄ እናገራለሁ። «ወንድ ልጅ ነው፣ ይተወዋል» የሚሉ አባቶች ብዙ ጊዜ ሌላም ነገር ይላሉ፦ «ተመትተህ እንዳትመጣ፤ ተመትተህ ከመጣህ እኔ እደግምልሃለሁ።» እኛ ሰፈር ያልተባለ ልጅ የለም፤ እኔም ተብያለሁ። ልጁ ታዲያ ቅዳሜ «ቆም በል» ይባላል፣ እሑድ «አትሸነፍ» ይባላል። ማንን ይስማ? አባትየውን አትሟገቺው። «ልጃችን ራሱን እንዲያስከብር እፈልጋለሁ፤ ግን ሆን ብለው ሲመቱትና ሳያውቁ ሲነኩት መለየት ይልመድ» በዪው። ይህ ብዙ አባቶችን ያግባባል። ቁንጥጫና ቀበቶ ካለ ግን ይቁም። «አትማታ» እየተባለ የሚመታ ልጅ የሚገባው የጉልበተኛ ተራ መሆኑ ብቻ ነው።

ማዕከሉን እንዴት ትለዪዋለሽ? ሄደሽ እዪ። ስምንት ልጅ ከሆነ ቢያንስ ሁለት አሠልጣኝ ይኑር፤ እኔ ግን ስድስት ቢሆን እመርጣለሁ። የ8 ዓመት ልጅ ከ12 ዓመት ልጅ ጋር ከተደባለቀ ይቅርብሽ፤ አማትሽ ልክ የሚሆኑት እዚያ ነው። ሁሉም በጥፋት የተላኩ መሆናቸውንም አልወደድኩትም። ዓይን አፋር የሆኑ፣ ወይም እንዲሁ ረጋ ያሉ ሁለት ሦስት ልጆች ቢቀላቀሉበት ሞዴል ይሆናሉ። ልጆቹ ተቀምጠው የሚያዳምጡ ከሆነ ያ ክፍል እንጂ ሥልጠና አይደለም። አንዱ ጥፋቱን በኩራት ሲያወራ አሠልጣኙ ምን ያደርጋል? ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂ። «እንመክረዋለን» ካሉሽ ተጠራጠሪ። «ወሬውን ቶሎ እንቀይራለን፣ ሳቁ እንዳይደርስለት እናደርጋለን» ካሉሽ የገባቸው ናቸው። ወላጅ የሚገባበት ክፍለ ጊዜ ከሌለ ለምኝም፣ ተቆጪም። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ያዘጋጀው፣ አዲስ አበባና ቡታጅራ አካባቢም የተሞከረው ፕሮግራም እንኳ የሚያሠለጥነው ልጆቹን ሳይሆን ወላጆቻቸውን ነው፤ በቡድን ዘጠኝ ጊዜ፣ ቤት ድረስ ደግሞ ሦስት ጊዜ እየሄዱ።

እግረ መንገዴን፤ ልጁ እንስሳ የሚያሰቃይ፣ እሳት የሚለኩስ፣ ራሱን የሚጎዳ ወይም «ልሙት» የሚል ከሆነ የቅዳሜ ቡድን አይጠብቅም። በዘውዲቱና በየካቲት 12 ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ፤ እዚያ ውሰጂው። ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ከሆነም እንዲሁ። ጆሮውንም አስመርምሪው፤ «አይሰማም» የሚባል ልጅ አንዳንዴ በእውነት አይሰማም።

ልላከው ካልሽ አሥሩን ቅዳሜ ጨርሰሽ አትጠብቂ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚማታ መምህርቷን ጠይቀሽ ቁጥሩን ጻፊው። አራተኛው ሳምንት ላይ ደግመሽ ጠይቂ። ቁጥሩ ከጨመረ፣ ወይም ልጁ ቤት ሲመጣ አዲስ ስድብና አዲስ የጥፋት ታሪክ እየነገረሽ የሚስቅ ከሆነ፣ ይቅርታ ጠይቀሽ አስወጪው። «አጥሩ ጋ ቆሜ 20 ቆጠርኩ፣ ግን አላስገቡኝም» ብሎ እያለቀሰ ከመጣ ግን አታስወጪው። እሱ እየሠራ ነው።